ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ

ጭልፋ የሚለውን ስም ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ያለ ጭልፋ አይቻት አውቃለሁ የሚል ልጅ አልነበረም። ምሳውን ሳይጨርስ ሊሾልክ የሚሞክር ካየች ጭልፋዋን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ዘርግታ በሩ ላይ ታስቆመዋለች። «ወዴት ወዴት? ድንቹ ምን በደለህ?» ስትለው ልጁ እየሳቀ ተመልሶ ይቀመጣል። ዛሬ ሚኒስትር ቢሆኑ እንኳ ሳህን ላይ ምግብ ማስተረፍ የማይደፍሩ ሰዎች በአገሩ ሞልተዋል፤ የሷ ሥራ ነው።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። የስፌት መኪናዬን ያስቀመጥኩት ብርሃን እንዲያገኝ ብዬ በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ሥር ነው። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የእንጨት አጥር አለ፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጭልፋ ጓሮ። ሁለት መደብ ጎመን፣ አንድ መደብ ካሮት፣ የሎሚ ዛፍ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ በአሮጌ በር የተሠራ የዶሮ ቤት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመርፌው ቀና ባልኩ ቁጥር ያየሁት ይኼንን ነው። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ዝቅ ይላል፤ እዚያ ጋ ቆመን ነው ስናወራ የኖርነው።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት መንገድ ላይ ቀረ። ጭልፋ ሌላ አላገባችም። ሰው ሲጎተጉታት «ለሦስት መቶ ልጅ አብስዬ እየገባሁ፣ ደግሞ ባል ልጨምር?» ትል ነበር።

ልጅቷን ሚጡ ነው የምንላት። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷትም ሚጡ ነበረች። እናቷ ሥራ ስትውል እኔ ቤት ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ ቁልፍ በየመልኩ እየለየች ነው ያደገችው። ሃያ ዓመት ሲሆናት ከተማ ገባችና አንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ጠራዥ ሆና ተቀጠረች። በዓመት ሁለቴ ትመጣለች። ስትመጣ ጣቶቿ ሙጫ ሙጫ ይሸታሉ፤ ጭልፋ «እስቲ እጅሽን ታጠቢ፣ ሳህኑ ላይ ተጣብቀሽ ልትቀሪ ነው» ትላታለች።

ጭልፋ ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ሚጡ ሳትነግረን መጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ትንሽ ሻንጣ እግሯ ሥር አስቀምጣለች። የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ስለሆንኩ ልኩን አውቀዋለሁ። ወገቡ ሁለት እጥፍ ሆኖ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«እትዬ፣ እንዲህ አትዪኝ» አለችኝ። «ሻንጣዬን ያዢልኝና ቀስ እያልን እንሂድ።»

ለእናቷ የነገረቻት በማግስቱ ጠዋት ነው። ጭልፋ በረንዳው ላይ አተር ትፈለፍላለች፤ እኔም ተቀምጬ አግዛታለሁ።

«ሐኪሞቹ ከፍተው ዘጉኝ፣ እማዬ» አለች ሚጡ።

«ምን ማለት ነው ከፍተው ዘጉኝ? ድስት ነሽ እንዴ?»

«ሆዴ ውስጥ ያለው ተስፋፍቷል አሉ። አሁን የሚነካ አይደለም አሉ።»

ጭልፋ መፈልፈሏን አላቆመችም። ግን አተሩን መሬት ላይ እየጣለች ቅርፊቱን ሳህን ውስጥ ስታጠራቅም አየኋት። ከዚያ ቀና አለች።

«ሐኪም ሁሉን ያውቃል ያለው ማነው? ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከርሽ ስትበዪ ከርመሽ እንዴት አትታመሚ? አንቺ የሚያስፈልግሽ የኔ ምግብ ነው።»

ይህን ብላ ተነሣችና ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወጥ ቤት አልወጣችም ብል ማጋነን አይሆንም።

የሚጡን አልጋ ከጓሮው መስኮት አጠገብ አደረግነው። ጠዋት አጃ በወተት፣ ረፋድ ላይ ለስለስ ያለ እንቁላል፣ ምሳ የዶሮ ሾርባ ወይም ሩዝ በካሮት፣ ከሰዓት በኋላ በቅቤ የተፈጨ ድንች። ጭልፋ ጠዋት ግቢዋን ጠርጋ፣ ውሃ ቀድታ፣ ለዶሮዎቹ በትና ስታበቃ እሳቷን ታቀጣጥላለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ የቢላዋው ድምፅ ነው። እኔ እዚህ መኪናዬን ስረግጥ እሷ እዚያ ትከትፋለች፤ ሁለታችን ተራ የገባን ይመስል ነበር።

ሚጡ ግን አትበላም። አንድ ማንኪያ ትቀምስና ዓይኗን ጨፍና ትቆያለች።

«በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ትላለች እናቷ። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።»

አንድ ቀን ሚጡ ፈገግ ብላ «በሞቴ አትበዪኝ እማዬ» አለቻት። «እሱን ቃል ለኔ ተዪልኝ።»

ጭልፋ ሳህኑን እንደያዘች ወጥታ አጥሩ ጋ መጣች። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ እንዲሁ ቆመች። ያንን ቃል ከዚያ ወዲህ ካፏ ሰምቼው አላውቅም።

ሁለት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጭልፋ ፊቷ በርቶ አጥሩ ጋ መጣች። «ጨረሰችው!» አለችኝ፤ ባዶ ሳህን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «ብቻዬን ልብላው፣ ስታዪኝ ይጨንቀኛል አለችኝ። ወጣሁላት። ስመለስ ይኸው! እኔ ምን ብዬሽ ነበር? ሐኪም! ሐኪም ሾርባ መሥራት ይችላል?»

ደስ አለኝ። በማግስቱም ጨረሰች። በሦስተኛውም ቀን እንደዚሁ። ጭልፋ መዝፈን ጀመረች፤ ድምፅ የሚባል ነገር የላትም፣ ግን ትዘፍናለች።

በአራተኛው ቀን የአንድ ኮት እጅጌ እየገጠምኩ ቀና ስል የሚጡ መስኮት ሥር የወፍ ጉባኤ አየሁ። ድንቢጦች፣ ዋኖሶች፣ ሁለት ቁራዎች፣ የጭልፋ ዶሮዎች ደግሞ መሀል ገብተው ይጋፋሉ። ወዲያው ቀጭን እጅ ከመስኮቱ ወጣ። ማንኪያው ሩዝ ይዟል። ሩዙ መሬት ሳይደርስ ወፎቹ ተሻሙበት። እጁ ተመልሶ ገባና እንደገና ወጣ፤ ዳቦ፣ ካሮት፣ የዶሮ ሥጋ። ሥራዋን ስትጨርስ ሚጡ አንገቷን ብቅ አደረገች፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ጭልፋ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ ሄድኩ።

«አትንገሪያት እትዬ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «አይወርድልኝም። ሲወርድም አይቀመጥም። እሷ ግን ሳህኑን ባዶ ስታየው እንዴት እንደምትሆን አይተሻታል? ዘፈነች እኮ!»

«ይህ ነገር እስከ መቼ?»

«እስከምችለው ድረስ። ወፎቹም ቢሆኑ ወፍረውልኛል፣ ያቺ ግራጫዋ ዋኖስ መብረር ሊያቅታት ነው።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን አመማትና ሆዷን ያዘች። ቃል ገባሁላት።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት አጠገቧ መቀመጥ ጀመርኩ። የእጅ ስፌቴን ይዤ እሄዳለሁ። ጭልፋ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ውስጥ ለማታው ትከትፋለች። ሚጡ ስትችል ታወራለች፣ ሳትችል ዶሮዎቹን ታያለች። አውራ ዶሮውን የማተሚያ ቤት አለቃዋን ስለሚመስል «አቶ ሥራ አስኪያጅ» ብላዋለች፤ ምንም ሳይሠራ ግቢውን ሲዞር ይውላል።

ምስጢሩ ሦስት ሳምንት ሄደ። ወፎችና ዶሮዎች ምንም ስለማያስተርፉ ጭልፋ የምታየው አልነበረም። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ጩልሌ ወርዶ አንዲት ጫጩት ነጥቆ በረረ። ጭልፋ እየጮኸች ዶሮዎቹን ሁሉ ቤታቸው ከተተችና ዘጋችባቸው። ድንቢጦቹም በድንጋጤ ጠፉ፤ የሎሚው ዛፍ ጭር አለ። ሚጡ ያን ጊዜ እንቅልፍ ወስዷት ኖሮ ይህን አላየችም። ምሳዋን እንደ ወትሮው ጣለችው።

ከምሳ በኋላ ጭልፋ ላባ ልትጠርግ መጥረጊያ ይዛ ዞረች። መስኮቱ ሥር ስትደርስ ቆመች። ሩዙ እንዳለ ነው። ድንቹ እንደ ጉብታ ተቆልሏል። በጠዋት ተነሥታ አጥንቱን አንድ በአንድ የለቀመችለት የዶሮ ሥጋ አፈር ላይ ነው።

እኔ መኪናዬን አቁሜ አየኋት። ጭልፋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ሁሉንም በላሜራ አፈሰችና ዶሮ ቤቱ ውስጥ ደፋችው። የመሬቱን እርጥብ ምልክት እንኳ አፈር በትና አጠፋችው። ወደ አጥሩ መጣች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳህኑን ካሳየሽኝ ከሦስት ቀን በኋላ ጀምሮ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሰደበችኝም። በቀሚሷ ጫፍ እጇን ደጋግማ ጠረገች፣ ምንም ሳይነካው።

«ማወቄን እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ካወቀች ለኔ ብላ ልትውጥ ትታገላለች። ስትታገል ማየት አልችልም። ደግሞ ለኔ ብላ የምታደርገውን ነገር ላበላሽባት አልፈልግም።»

ለሷም ቃል ገባሁ። ሁለት ቃል፣ አንድ አፍ።

በማግስቱ ጭልፋ ማብሰሏን ታቆማለች ብዬ ነበር። ጭራሽ በረታች። ልዩነቱ ለወፍ ማብሰሏ ነው። ካሮቱን በመንቁር እንዲነሣ አድርጋ ታደቅቀዋለች። ዳቦውን ቀድማ ትፈረፍረዋለች። ጩልሌው ቢያንዣብብም ምሳ ከማቅረቧ አምስት ደቂቃ በፊት ዶሮዎቹን ትለቅና እንደ ዘበኛ ዱላ ይዛ ጥጉ ላይ ትቆማለች፤ ምንም ሳይቀር እንዲለቀም። ለወፍ ጨው አይስማማም ብላ ጨውም ቀነሰች።

«እማዬ፣ ዛሬ ጨው ረሳሽ» አለቻት ሚጡ፤ አንዲት ማንኪያ መረቅ መቅመስ አላቋረጠችም ነበር።

«እርጅና ነው ልጄ» አለች ጭልፋ።

«ግን ይጣፍጣል። ሙልጭ አደርገዋለሁ።»

እኔ መሀላቸው ቆሜ አንዷን ሳይ ሌላዋን እየፈራሁ ጣሪያውን አየሁ።

ሚጡ ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል፣ «እትዬ» አለችኝ፤ «እማዬ ዝም ብላ አጠገቤ ብትቀመጥ ደስ ይለኛል። ምንም ሳትሠራ። እግሬን ይዛ ብቻ።»

«ታዲያ ንገሪያት።»

«ምን ብዬ? ካላበሰለች የሚይዛት ነገር የለም፤ ትወድቃለች። ተዪያት፣ ታብስል።»

መርፌዬን ሰካሁና ተነሣሁ። ወጥ ቤት ስገባ ጭልፋ ካሮት ትፍቃለች።

«እስቲ እሱን ተዪና ሂጂ፣ አጠገቧ ተቀመጪ» አልኳት።

«ምሳዋስ?»

ተያየን። የምን ምሳ? ሁለታችንም እናውቃለን። አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለቱን ቃሌን አስታውሼ መልሼ ዘጋሁት።

«ምሳዋ» አለች ጭልፋ ደግማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ መለመን። «ሳህን ወስጄ ባዶውን ካልተቀበልኳት ማወቄን ያውቅብኛል ልቧ።»

ወጣሁ። ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላም ሌላ ቀን ነበረ፣ ሌላም ቀን ነበረ። አልተናገርኩም።

ሚጡ ያረፈችው ማክሰኞ ዕለት ከምሳ በፊት ነው። ፀሐይ ነበረ። ጭልፋ ሾርባ ታጠልል ነበር፤ የማጥለያውን ድምፅ እሰማለሁ። መስኮቱ ሥር ወፎቹ ሰዓታቸውን ያውቃሉና ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ከዚያ ጭልፋ በጓሮው በር ብቅ አለች፤ ሳህኑ በእጇ ነው።

«ነይ እስቲ» አለችኝ፤ አልጮኸችም። «አልነቃ አለችኝ። እስቲ አንቺ ጥሪያት፣ ያንቺን ድምፅ ትሰማለች።»

አጥሩን እንዴት እንደዘለልኩት አላስታውስም። ሚጡ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። እጇን ስይዘው ገና ሙቀቱ አልለቀቀም። ጭልፋ ከኋላዬ ቆማ ሾርባውን በማንኪያ ታማስላለች፣ እንዲበርድ።

«ትኩስ አትወድም» አለች።

ሳህኑን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቅኩት።

ቀበርናት። ጭልፋ ትምህርት ቤት ሳለች ያበላቻቸው ልጆች ሚስትና ባል ሆነው፣ ሽበት አብቅለው፣ ግቢውን ሞሉት። ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ መጣ። ጭልፋ የሰጧትን ሁሉ ጸጥ ብላ በላች፤ አንድ ጊዜም አልበላም አላለችም። ለሚያቀርብ ሰው አዝና ይመስለኛል።

አንድ ወር ገደማ እንዳለፈ እኔ ቤት መጥታ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ያጽናናኛል» አለችኝ። «ደስ ብሏት ነው የሄደችው። እናቴ በልታለች ብላ አምናለች፣ ደስ ብሏታል እያለች ነው የሄደችው። እኔም አላበላሸሁባትም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ለሷ ብዬ ነው ወይስ ሸክሙን ከራሴ ላውርድ ብዬ? ለራሴ ብዬ ሳይሆን አይቀርም። ነገርኳት። ሚጡ ምን እንዳለችኝ፣ እግሯን እንድትይዝላት ብቻ እንደፈለገች፣ ከተናገረችው ቃል አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት።

«መቼ ነው ያለችሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሲቀራት።»

«ሁለት ሳምንት» አለች ጭልፋ። «አሥራ አራት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ካሮት ስፍቅ።» ተነሣች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። «አንቺ እኮ እዚያ ነበርሽ። እኔ የቆምኩት አምስት እርምጃ ርቄ ነው። አምስት እርምጃ!»

በማግስቱ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አጥሩ ዝቅ ያለበትን ቦታ በቆርቆሮ ዘጋችው። ዶሮዎቹን ለመንገድ ማዶዋ አዋላጅ ሰጠች። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደምን ዋልሽ እንላለን፤ ከዚያ አያልፍም። እኔም አልተቀየምኳትም። እኔ ብሆን ቆርቆሮ አይበቃኝም ነበር።

ስምንት ወር እንዲህ ሄደ። ብርድ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጭልፋ ናት። የሚጡን ግራጫ ኮት በክንዷ ይዛለች።

«እጅጌው ይረዝምብኛል። አሳጥሪልኝ» አለችኝ።

ኮቱን ተቀብዬ አስለካኋት። ሄዳ ነገ ትመጣለች ስል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ። እጄን እያየች፣ «ከሰዓት ከሰዓት አብረሻት ስትቀመጪ ምን ምን ታወሩ ነበር?» አለችኝ። «ሁሉንም ንገሪኝ። ተራም ነገር ቢሆን።»

ነገርኳት። ስለ አለቃዋና ስለ አውራ ዶሮው። አንዴ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ገልብጣ ጠርዛ ማንም ሳያውቅባት መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ። በማተሚያ ቤቱ አንድ ፊደል ለቃሚ ትወድ እንደነበር፣ እሱ ግን ሌላ እንዳገባ፣ የሠርጉን የፎቶ አልበም የጠረዘችለት እሷ እንደሆነች። ይህን እናቷ አታውቅም ነበር። «ቆንጆ አድርጋ ጠረዘችለት?» ብላ ጠየቀችኝ። «በጣም ቆንጆ አድርጌ አለችኝ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

አንድ እጅጌ ለማሳጠር አንድ ሰዓት ይበቃኛል። ሦስት ቀን ፈጀሁበት። በየቀኑ መጥታ ተቀመጠች፣ በየቀኑ ነገርኳት። በአራተኛው ቀን የማወራው አለቀብኝ።

«ይኸው ነው?» አለችኝ።

«ይኸው ነው።»

ልጨምርላት እችል ነበር፤ አታውቅብኝም። ሚጡ ያላለችውን በሚጡ ስም መናገር ግን አቃተኝ።

ኮቱን ሰጠኋት። ለበሰችው። ትከሻው ሰፍቷት ነበርና ላጥብበው አልኳት።

«ተዪው» አለች። ኮሌታውን አስተካከለች፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰችና ወጣች።